የአምስት ዓመቱን የቤት ክፍያ በሦስት ዓመት ለመዝጋት ስንሯሯጥ

ይሄ የሰማሁት አይደለም፣ የእኔና የባለቤቴ ጉዳይ ነው። ቤቱ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው፣ ከዚህ በላይ አልገልጸውም። በክፍያ ቤት ስለመግዛት የሚያወራ ሰው ሞልቷል፤ «ቀሪውን ቀድሜ ልዝጋው» ሲሉ ምን እንደሚመጣ ግን የሚነግረኝ አጥቼ ነበርና ከነሒሳቡ ከነጅልነቴ ልጻፈው።

የገዛነው ሚያዝያ 2014 ነው። ዓመቱ ሲጀምር ጦርነቱ ዳባት ድረስ ደርሶ ስለነበር የቤት ገበያው ገና ቀና አላለም፣ ሻጭም ገዢ ካገኘ ብዙ አይከራከርም። ሻጩ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ባህር ዳር ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ከነባለቤታቸው ሊነሱ ነበር። ቤቱ 160 ካሬ ላይ ያረፈ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ከፊት መንገዱን የምታይ አንዲት የሱቅ ክፍል፣ ጓሮው ደግሞ ጌሾ። ዋጋው ሁለት ዓይነት ነበር፣ በካሽ ከሆነ 1,500,000፣ በክፍያ ከሆነ 1,800,000። እኔ አስተማሪ፣ ባለቤቴ ልብስ ሰፊ፣ ካሽ ከየት ይመጣል፣ ባንክ ደግሞ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የቤት ብድር የሚሰጠው በህልሙ ነው። ቀብዱን ጨምሮ 700,000 ሰጠን፣ የቀረውን 1,100,000 በየስድስት ወሩ 110,000 እያደረግን ጥቅምትና ሚያዝያ ላይ አሥር ጊዜ ልንከፍል ተስማማን። መጨረሻው ሚያዝያ 2019 መሆኑ ነው።

ውሉን የጻፈልን ፍርድ ቤት ጥግ ከሚቀመጡት ውል ጻፊዎች አንዱ ነው። ሦስት ምስክር፣ ደላላው፣ አንድ ገጽ ተኩል ወረቀት። መሬት ሸጡ አይባልም መቼም፣ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የሚሸጠው ቤቱ ነውና ወረቀቱም «ቤቴን ሸጫለሁ» ይላል። ካርታው ብሩ እስኪያልቅ ሻጩ ጋ ይቆያል፣ ሲያልቅ ስም ያዞራሉ፣ ውሉን ያፈረሰ ይሄን ያህል ይቀጣል፣ ይሄው ነው። ቀድሞ ስለመክፈል አንዲት መስመር የለችበትም። ሰነድ ማረጋገጫ ወስደንም አላስመዘገብነውም፣ ደላላው «ሲጨርሱ አንድ ጊዜ ትሄዳላችሁ፣ አሁን ለምን ሁለት ጊዜ ወጪ» አለን፣ እኛም እውነት መሰለን። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

አምስቱን ክፍያ አንድ ቀን ሳናሳልፍ ከፍለናል። ነሐሴ 2015 ላይ በክልሉ ኢንተርኔት ሲጠፋ የጥቅምት 2016ቱን ባንክ ተሰልፌ ነው ያስገባሁት፣ ያቺን ደረሰኝ እስካሁን አልረሳትም፣ ዝናብ መትቷት ቀለሟ ተለቃልቋል። ደረሰኞቹን በሙሉ ባለቤቴ በአንድ የቆዳ ቦርሳ ታስቀምጣለች፣ እኔ ብሆን ሁለቱን ጠፍተው ነበር የማገኛቸው።

ወደ 2017 ስንገባ ሦስት ነገር ተገጣጠመ። አንደኛው ጋሼ ታመሙ፣ ኩላሊት ነው አሉ። ሁለተኛው የኮሪደር ልማቱ ከተማችን ገባ፣ በየሻይ ቤቱ ወሬው «የኛ ሰፈር ይነካል፣ አይነካም» ሆነ፤ ይነካል ቢባል ካሳውም ምትኩም የሚሄደው ካርታው ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው፣ ካርታው ላይ ያለው ስም ደግሞ የእኛ አይደለም። ሦስተኛዋ እህቴ ናት። እህቴ አሜሪካ ኦሃዮ ኮሎምበስ ነው የምትኖረው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተባለ በኋላ ዶላሩ ባንክ ላይ ከ57 ተነስቶ በጥር ከ120 በላይ ሆኖ ነበርና «ዛሬ ብልክላችሁ ድሮ ከማወጣው ግማሽ አይሞላም፣ ቤቱን ዝጉት፣ ለእኔ ቀስ ብላችሁ ትመልሱልኛላችሁ» አለች።

የእሷ መቸኮል ምክንያት አለው። እሷም እዚያ ቤቷን የገዛችው ከባንክ ሳይሆን ከሻጩ በቀጥታ በክፍያ ነው፣ እነሱ ላንድ ኮንትራክት ይሉታል፣ የቤቱ ባለቤትነት ወረቀት ክፍያው እስኪያልቅ ሻጩ ስም ላይ ይቆያል፣ ልክ እንደኛው። ልዩነቱ ግን ኦሃዮ ውስጥ ሻጩ ውሉ በተፈረመ በ20 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ የማድረግ ግዴታ አለበት፣ ውሉ ላይም ወለዱ ስንት እንደሆነ ይጻፋል፣ ስለዚህ ቀድማ ስትዘጋ «ዛሬ ብከፍል ስንት ነው የቀረብኝ» ብላ በጽሑፍ ጠየቀች፣ በጽሑፍ መለሱላት፣ ከፈለች፣ ወረቀቱ በስሟ ዞረ፣ አለቀ። ስትነግረኝ የእኛም እንደዚያ የሚያልቅ መሰለኝ፣ አይ እኔ።

አሁን ሒሳቡ። የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ነግሬያችሁ የምናገረው ነገር ስለሆነ አትሳቁብኝ። የቀረን አምስት ክፍያ፣ 550,000 ብር። እኔ እንዲህ አሰብኩ፣ የክፍያው ዋጋ ከካሹ የሚበልጠው በ300,000 ነው፣ ለአሥር ሲካፈል በአንድ ክፍያ 30,000፣ የቀረው አምስት ነው፣ ስለዚህ 150,000 ሊቀንሱልኝ ይገባል፣ 400,000 ከፍዬ እገላገላለሁ። ለእህቴ ነገርኳት። «እስቲ እንደ ብድር አስበው» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ካሽ ቢሆን 800,000 ነበር የሚቀረኝ፣ በዚያ ፈንታ አሥር ጊዜ 110,000 እከፍላለሁ፣ ይሄን የሚያመጣው ወለድ በስድስት ወር 6.25 በመቶ ነው፣ በዓመት 12.5 አካባቢ። በዚህ ስሌት ደግሞ ወለዱ የሚበዛው መጀመሪያ ላይ ነው፣ እዳው ትልቅ ስለሆነ፤ የመጀመሪያዋ 110,000 ውስጥ 50,000ዋ ወለድ ነበረች ማለት ነው። አምስተኛውን እንደከፈልኩ የሚቀረው ዋናው ገንዘብ ወደ 460,000፣ ከዚያ ሦስት ወር ስላለፈ 474,000 ገደማ። ስለዚህ «ትክክለኛው» ቅናሽ 150 ሺ ሳይሆን 75 ሺ ነው። ግማሹን ወለድ በግማሹ ጊዜ አልከፈልኩትም፣ ከግማሽ በላዩን ከፍዬዋለሁ። ለተማሪዎቼ ይሄንኑ ነው የማስተምረው፣ የራሴ ኪስ ላይ ሲሆን ጠፋኝ።

ግን ይሄም ሒሳብ አንድ ትልቅ ነገር ዘሏል። ውላችን ላይ ወለድ የሚል ቃል የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ብድር ሲናገር ወለድ ከዓመት 12 በመቶ አይበልጥም ይላል፣ የኛ ግን ብድር አይደለም፣ ዋጋ ነው፣ 1,800,000 ተባብለን የተፈራረምንበት ዋጋ። ውሉ ቅናሽ ካላለ ቀድመህ ብትከፍልም ሙሉውን ነው የምትከፍለው፣ ሻጩ ቢቀንስልህ ወዶ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ብሩ ራሱ አለ። እኛ በፈረምንበት በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ ጋሼ ያገኙት 12.5 ነው፣ እሱም ከተገኘ። በደረቅ ሒሳብ ከሄድን ቀድሞ መክፈል ጅልነት ነው፣ ሚያዝያ 2019 ላይ የምከፍላት 110,000 ምን ትገዛ ነበር፣ ቁጭ ብሎ ማዘግየት ነበር የሚያዋጣው። ይሄን ሁሉ ለባለቤቴ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፍ አድርጌ አስረዳኋት፣ ሰምታ ሰምታ «ሰውዬው ቢሞቱስ?» አለችኝ። እሷ ሒሳብ አልተማረችም፣ ግን ሒሳቡ ይሄ ነበር። ቢሞቱ ፊርማውን የምንጠይቀው ሰባት ልጅ ነው፣ ሁለቱ ውጭ አገር፣ አንዱ ከቤተሰቡ የተኳረፈ፣ በዚያ ላይ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪወጣ።

ጋሼ ለጥምቀት ጎንደር መጡ፣ ሕመሙን ይዘው፣ አዘዞ ዘመዳቸው ጋ አረፉ። ጥር 13 ቤታችን ጠራናቸው፣ ቤታችን ማለቴ ቤታቸው፣ እስካሁን አልለየልኝም። ቡና ተፈላ። እንደምንም አንስቼ ነገርኳቸው፣ ቀሪውን በአንዴ ልንሰጥዎ ነው፣ ግን የክፍያ ዋጋ ስለነበር ትንሽ ይቀንሱልን። ስንት አሉ። 75,000 አልኩ፣ በወረቀት አሳየኋቸው። ወረቀቱን አላዩትም። ሲኒውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ያኔ በዚች ብር ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር፣ ዛሬስ? አንተ ገና አልቀነስኩልህም ትላለህ፣ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስቀንስልህ ነው የኖርኩት» አሉኝ። ምን ይመለሳል። ባለቤቴ በጉልበቷ ነካችኝ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ማለቷ ነው። በመጨረሻ 30,000 ቀነሱ፣ 520,000 ልንከፍል ተስማማን፣ ጋሼም መርቀውን ተነሱ። እኔ በዚያው ሌሊት በስልኬ ልልክላቸው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ የሚቻለውን ያህል ዛሬ፣ የቀረውን ነገ፣ ሰውዬው ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ። ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። «ካርታውን አየኸው?»

አላየሁትም። ከ2014 ወዲህ አላየሁትም።

ጠዋት ደወልኩና ጋሼ ካርታውን ይዘው ይምጡ፣ አብረን ሄደን የእዳና እገዳ ማጣሪያ እንጠይቅ አልኳቸው። ለማያውቅ፣ ይሄ ቤቱ በባንክ ተይዞ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ ከይዞታ መዝገቡ ላይ አይተው በደብዳቤ የሚነግሩበት ነው፣ ባለይዞታው ራሱ ሲያመለክት ነው የሚሠራው፣ ገዢ ብቻውን ሄዶ አያገኘውም። ጋሼ «ካርታው አለ፣ ምን አስጨነቃችሁ» አሉ። በማግስቱ ራስ ምታት ነው አሉ። በሦስተኛው ቀን ስልክ አላነሱም። በአራተኛው ትንሹ ልጃቸው ደወለልኝ፣ ድምፁ ገና ሲጀምር ገባኝ። ካርታው በ2015 ለእሱ ባጃጅ መግዣ ለወሰደው ብድር ዋስትና ሆኖ አንድ አበዳሪ ተቋም ጋ ተቀምጧል። ከብድሩ 86,000 ብር ቀርቷል።

እኛ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ክፍያ ስንከፍል ቤቱ በሌላ እዳ ተይዞ ነበር ማለት ነው። በጣም ተናደድኩ፣ አዘዞ ድረስ ሄጄ ልሳደብ ተነስቼ ነበር። ሌላው ቢቀር አንድ ቃል ቢነግሩን ኖሮ! ኋላ ሳስበው ግን ጋሼ ክፋት አልነበራቸውም፣ በእሳቸው ዓይን ካርታው ገና የእሳቸው ነው፣ ልጅ ተቸገርኩ ሲል አባት ምን ያደርጋል፣ «እናንተ ከመጨረሳችሁ በፊት ይጨርሰዋል» ብለው ነው። መዝገቡም የሚለው እሱን ነው፣ ባለቤቱ ጋሼ ናቸው፣ አበዳሪውም መዝገቡን አይቶ ነው ያበደረው፣ የእኛን አንድ ገጽ ተኩል ማን አየው።

ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ለአንድ ሰዓት ምክር ብር ሲከፈል ሆድ ያማል፣ ግን በዚህ ጉዳይ ካወጣነው ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር። ወረቀታችንን አንብቦ ሲጨርስ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ «የት ተመዘገበ?» የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ያለው ክፍል ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። አልተመዘገበም ማለት ነገ ጋሼም ሆኑ ልጆቻቸው «ውል የለም» ቢሉ ክርክር ውስጥ እንገባለን። እና ብንሸነፍ ምን ይሆናል አልነው፣ ብራችን አይመለስም እንዴ? «ይመለሳል» አለ፣ «የከፈላችሁት ይመለሳል፣ እሳቸው ቤቱን ይወስዳሉ።» የከፈልነው 1,250,000 ነው። በ2014 ያንን ቤት ሊገዛ ምንም ያልቀረው ብር በ2017 ተመልሶ ቢሰጠን ምን እናደርግበታለን፣ የአንድ ክፍል ግድግዳ እንኳን አያቆም። ለካ ብሩ መቅለሉ ለእኛ ይሠራል ብዬ ስመጻደቅ የነበረው ውሉ ከቆመ ብቻ ነው፣ ውሉ ከወደቀ ያው መቅለል እኛን ነው የሚበላን።

ጠበቃው ክሰሱ አላለንም፣ ይሄ በጣም ነው የገረመኝ። ያለው እንዲህ ነው፣ በእጃችሁ ያለው ጉልበት ይቺ 520,000 ናት፣ ሰውዬው ይፈልጓታል፣ ልጁም ይፈልጋታል፣ በአንድ እጅ አትስጧት፣ በየደረጃው አንድ አንድ ነገር አስፈርሙባት። ከዚያ ቁጭ ብለን ብሯን ሦስት ቦታ ከፈልናት። 86,000ው ለጋሼም ለልጁም ሳይሆን በቀጥታ አበዳሪው ጋ የልጁ ብድር ሒሳብ ውስጥ። 384,000ው በጋሼ ስም በሲፒኦ፣ ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ወረቀት ማለት ነው፣ ተዘጋጅቶ ሰነድ ማረጋገጫ ፊት አዲሱን ውል ሲፈርሙ። የቀረችው 50,000 ስሙ ዞሮ ካርታው በእኛ ስም ሲወጣ። ይሄን በሁለት ገጽ የስምምነት ወረቀት አድርገን ጋሼም፣ ልጁም፣ እኛም ፈረምን፣ ከበፊቱ ሦስት ምስክሮች ሁለቱን ጠርተን ደግሞ አሮጌው ውል እውነት መሆኑን ጋሼ በፊታቸው አረጋገጡ።

86,000ውን ከመክፈላችን በፊት አበዳሪው የቀረውን እዳ በደብዳቤ እንዲጽፍልን አስደረግን፣ እህቴ ያስተማረችኝ ነው፣ በቃል «86 ነው» ብለውህ ከፍለህ ስትሄድ ቅጣት፣ ምናምን፣ 4,000 ቀርቷል እንዳይሉህ። ከከፈልን በኋላ እዳው ማለቁን የሚገልጸው ደብዳቤ ለይዞታ ክፍሉ እስኪጻፍና ካርታው እስኪመለስ ዘጠኝ የሥራ ቀን ፈጀ። ካርታውን ባለቤቴ ራሷ ከልጁ ጋር ሄዳ ተቀበለች፣ ለማንም አላመነችም፣ ለእኔም።

ከዚያ የእትዬ ጉዳይ መጣ። የጋሼ ባለቤት ማለቴ ነው። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ስለሆነ ያለ እሷ ስምምነት ሽያጩ አይጸናም፣ በ2014 ውል ላይ ግን እሷ ምስክር ሆና ነው የፈረመችው፣ ሻጭ ሆና አይደለም፣ ውል ጻፊው ልዩነቱን አልነገረን። አሁን እግሯን አሟት ባህር ዳር ናት፣ ከዚያ እዚህ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ ደግሞ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ለታመመ ሰው አይሆንም። ውክልና ትላክ ተባለ። ላከች፣ ደረሰ፣ ተደሰትን፣ ሰነድ ማረጋገጫ ያለችው ልጅ አነበበችና መለሰችልን። ውክልናው «ንብረቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ጉዳዬን እንዲከታተል» ነው የሚለው፣ እንዲሸጥ አይልም። በሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ ጠቅላላው አይበቃም። ሌላ ውክልና እስኪሠራና እስኪመጣ አሥራ ስድስት ቀን። በነዚህ አሥራ ስድስት ቀናት ሌሊት ሌሊት የማስበው አንድ ነገር ነበር፣ ውክልና የሚሠራው ወካዩ በሕይወት እስካለ ነው። ብዙ ሰው «ሻጩ ውክልና ሰጥቶኛል» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል፣ ሰውዬው ሲሞት ያች ወረቀት አብራው ትሞታለች።

አዲሱን ውል ስንጽፍ ደላላው እንደገና ብቅ አለ፣ ማን እንደጠራው አላውቅም። «ዋጋውን 600 ሺ አድርጉት፣ ቴምብሩ ይቀልላችኋል» አለ። እውነት ነው፣ ስም ሲዞር የቴምብር ቀረጡ ከዋጋው 2 በመቶ ነው፣ በ1,770,000 ሲሰላ 35,400 ብር፣ በ600,000 ቢሆን 12,000። ባለቤቴ ልቧ ትንሽ ፈቀደ፣ እኔ ግን የጠበቃው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ የሚመለስልህ የተጻፈው ነው። 1,770,000 ጻፍን። ካፒታል ጌይን የሚባለውም ግብር አለ፣ ሕንፃ ላይ ከትርፉ 15 በመቶ ነው፣ ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ሆኖ ሁለት ዓመት የቆየ ቤት ነፃ ነው፣ የኛዋ ግን ያቺ ከፊት ያለች ሱቅ አለችባት። ማን ይክፈል የሚለው አሮጌው ውል ላይ በደንብ አልተጻፈምና ከጋሼ ጋር ግማሽ ግማሽ ተባባልን፣ ስለሱ ብዙ አልናገርም፣ ደክሞኝ ነበር።

ያልጠበቅነው አንድ ነገር ደግሞ ሊዙ ነው። የጋሼ ይዞታ ነባር ነበር፣ ከሊዙ በፊት የተያዘ ማለት ነው፤ ያኔ በሊዝ አዋጁ 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በሽያጭ ሲተላለፍ ገዢው በሊዝ ሥሪት ነበር የሚይዘው። ስለዚህ ስሙ ሲዞርልን ከካርታው ጋር የሊዝ ውልም ፈረምን፣ በየዓመቱ የምንከፍላት አለች። ይሄን የነገረን አንድም ሰው አልነበረም፣ በክፍያ ስንገዛም ሆነ ስንዘጋ። ቤት ስትገዙ ዋጋው ላይ ይሄን ጨምራችሁ ተነጋገሩ።

የፈረምንበት ቀን መጋቢት መጀመሪያ ነው፣ ጾም ነበር። ጋሼ ነጭ ጋቢ ለብሰው መጡ፣ ከልጃቸው ጋር፣ መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የእዳና እገዳ ደብዳቤ፣ የግብር ደረሰኞች፣ አዲሱ ውክልና፣ ሁሉም ተደርድሮ። ባለቤቴ የቆዳ ቦርሳዋን ይዛ፣ አምስቱ ደረሰኝ በቅደም ተከተል፣ ያቺ ዝናብ የመታትም አለች። ሲፒኦውን ስሰጣቸው ጋሼ ግራ ቀኝ አገላብጠው «ይሄ ወረቀት ነው ልጄ» አሉ። ብር ነው ጋሼ፣ ባንክ ብሩን ቀድሞ ከእኔ ሒሳብ ቀንሶ በስምዎ ያዘጋጀው ነው አልኳቸው። አልገባቸውም። ልጁ የባንኩ ቅርንጫፍ ጋ ደውሎ ቁጥሩን አረጋገጠ፣ ከዚያ ነው የፈረሙት፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሕመሙ ይሁን ሌላ አላውቅም። «ሙሉ ክፍያ» የሚል እንዳይጻፍ ግን ተጠነቀቅን፣ ውሉ ላይ 1,720,000 ተከፍሏል፣ 50,000 ስም ሲዛወር ይከፈላል ነው የሚለው፣ ለእሳቸውም መተማመኛ እንዲሆን።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረፋ ታሪክ ነው፣ ልኬት የሚያየው መጣ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንድ ቀን ደግሞ ኔትወርክ የለም ተባለ። መጋቢት 27 ካርታው በእኔና በባለቤቴ ስም ወጣ። የእሷ ስም ከእኔ ስም አጠገብ እኩል መጻፉን ሦስት ጊዜ አየችው።

50,000ዋን ያኑ ዕለት ከይዞታ ክፍሉ በር ላይ ሆኜ ላክሁ፣ ይሄኛውን በስልክ። ጋሼ ወዲያው ደወሉ፣ «ደርሶኛል፣ ቤቱ ይባረክላችሁ» አሉ። እኔም ስለ ባጃጁ ነገር አንድ ቃል ልናገር አስቤ ነበር፣ ስንት ወር ስለማመደው የነበረ ንግግር አለኝ፣ ግን እትዬ ስልኩን ተቀበለቻቸው።

«ጌሾው አልተቆረጠም አይደል?» አለችኝ።

አልተቆረጠም እትዬ አልኳት።

«እንግዲያው ፋሲካ ሳይደርስ ቀጠፍ ቀጠፍ አድርጋችሁ ላኩልኝ፣ የባህር ዳሩ ጌሾ ለጠላዬ አልሆነም።»

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቀጥፋ አስራ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠችው። የጭነቱን 200 ብር እኔ ከፈልኩ።